መደርደሪያ ያጣ አልበም

በዚህ ወር አምዳችን በቤት ውስጥ አብራችሁ የምትሰሙት ሙዚቃ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሙዚቀኛው በሕይወት የለም፤ አልበሙ ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያሳተመው ድርጅትም በጣም ትንሽ ነበር። እኔ በምሠራበት የማርኬቲንግ ሙያ ዓይን ከተመዘነ «ገበያ ያላገኘ ዕቃ» የሚባል ነው። ሆኖም ጠዋት ልጆቹን ለትምህርት ቤት አሰናድቶ፣ ቡናውን በቁሙ ጠጥቶ፣ ሰዓቱን እያየ ከቤት የሚወጣ ሰው ሲሰማው ስለ ራሱ ቤት የተዘፈነ ይመስለዋል።

አልበሙ «ሰከንድ ሃንድ» ይባላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን ደራሲውና ዜመኛው አሜሪካዊው ማርክ ኸርድ ነው። በሙዚቃው ዓለም «ክርስቲያን ሮክ» በሚባለው ክፍል ይመደባል። «ሮክ» ስላልኳችሁ ግን ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት አትጠብቁ። አኩስቲክ ጊታር፣ አኮርዲዮን፣ ከበሮና በእኛ አገር በአየለ ማሞ ጣቶች የለመድነው ማንዶሊን የሚሰሙበት፣ ወደ ባላገሩ የአሜሪካ ሙዚቃ ያደላ ሥራ ነው።

ዘፋኝ ወይስ ዘማሪ?

ስለዚህ ሰው በአማርኛ ልጽፍ ስነሳ የመጀመሪያው ችግር የገጠመኝ በመጠሪያው ነው። ዘፋኝ ልበለው ወይስ ዘማሪ? ቋንቋችን ሁለቱን በግልጽ ለይቶ አስቀምጧቸዋል። ዘፈን ለዓለሙ ነው፤ መዝሙር ለፈጣሪ። በመካከላቸው ያለ ቃል የለንም። ኦርቶዶክስም ሆናችሁ ፕሮቴስታንት፣ በቤታችሁ ያለው የሙዚቃ ማህደር ምናልባት በዚሁ መሠረት ለሁለት የተከፈለ ነው። መዝሙር እሑድ ጠዋትና ጾም ሲገባ ይከፈታል፤ ዘፈን ደግሞ ለሠርግ፣ ለልደትና ለመንገድ ይሆናል።

ታዲያ እግዚአብሔርን የሚያምን ሰው ስለ ትራፊክ መጨናነቅ፣ ስለማይበቃ ደመወዝ፣ ለሚስቱ ጊዜ ስለማጣቱ፣ ሌሊት እንቅልፍ ስለነሳው ሐሳብ የሚያዜመው ምን ይባላል? መዝሙር እንዳንለው ውዳሴ አይደለም። ዘፈን እንዳንለው ደግሞ ከእምነት ተነጥሎ የቆመ አይደለም። የማርክ ኸርድ ሥራዎች በሙሉ እዚህ መካከል ላይ ያሉ ናቸው። አልበሙ ሳይታወቅ የቀረበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ለእኔና ለእናንተ የሚጠቅምበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ሰውየው

ማርክ ኸርድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1951 በጆርጂያ ግዛት፣ ሜከን በምትባል ከተማ ነው። በወጣትነቱ ወደ ስዊዘርላንድ ተጉዞ «ላብሪ» በሚባል ቦታ ቆይቷል። ላብሪ በፈረንሳይኛ መጠለያ ማለት ነው። ፍራንሲስ ሼፈር የተባለ አሜሪካዊ ፓስተርና ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ1955 በአልፕስ ተራሮች ላይ የመሠረቱት ሲሆን፣ ስለ እምነት ጥያቄ ያላቸው ወጣቶች እየመጡ የሚቀመጡበት፣ የሚያጠኑበትና የሚወያዩበት ማኅበር ነው። እዚያ ጥያቄ መጠየቅ እንደ ክህደት አይቆጠርም። ኸርድ በኋላ የጻፋቸውን ግጥሞች ስትሰሙ ይህን ቦታ ማስታወስ ይጠቅማችኋል።

ከዚያ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ የክርስቲያን ሮክ አባት ከሚባሉት አንዱ በሆነው በላሪ ኖርማን አነስተኛ አሳታሚ ድርጅት፣ «ሶሊድ ሮክ» ውስጥ ሠራ። በ1980ዎቹ በሌላ አሳታሚ ሥር በተከታታይ አልበሞችን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ «አይዲዮላ» በሚል ስም በኤሌክትሮኒክ ድምፅ የተሞላ አልበም ሞከረ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት የራሱን አልበም ሳያወጣ ቆየ።

የተመለሰው በሌላ መንገድ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር «ፊንገርፕሪንት» የተባለ የራሱን ትንሽ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። ቃሉ የጣት አሻራ ማለት ነው። ስቱዲዮውም በቤቱ ነበር። በዚህ ድርጅት ሥር በተከታታይ ሦስት ዓመታት ሦስት አልበሞች ወጡ፤ በ1990 «ድራይ ቦንስ ዳንስ»፣ በ1991 «ሰከንድ ሃንድ»፣ በ1992 «ሳተላይት ስካይ»። የመጀመሪያው ርዕስ በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 37 የተጻፉትን፣ ሕይወት የተዘራባቸውን የደረቁ አጥንቶች ያስታውሳል። እኔ ለቤተሰብ የመረጥኩት ግን መካከለኛውን ነው።

ከሁለቱም መደብር የተገፋ

አሁን ትንሽ ስለ ገበያው እንነጋገር። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የክርስቲያን ሙዚቃ የራሱ የሆነ ሙሉ ገበያ ነበረው። የራሱ ሬዲዮ ጣቢያዎች፣ የራሱ መጽሔቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስና መንፈሳዊ መጻሕፍት የሚሸጡባቸው የራሱ መደብሮች ነበሩት። ካሴቱና ሲዲው በአብዛኛው የሚሸጠው እዚያ ነው። ወደ እነዚህ መደብሮች የሚገባ ቤተሰብ የሚፈልገው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ልጆቹ ቢሰሙት የማያሳስብ፣ የሚያጽናና፣ የሚያበረታታ ነገር።

በሌላው በኩል የተለመደው የሙዚቃ መደብር አለ። እዚያ ደግሞ «ክርስቲያን» የሚል ስም የተለጠፈበትን ሙዚቃ ገዢው ሳይሰማው ያልፈዋል። «ይሄ ስብከት ነው» ይላል።

ከዚህ አጣብቂኝ የወጡ አሉ። «ሰከንድ ሃንድ» በወጣበት በዚያው በ1991 ኤሚ ግራንት የተባለችው ታዋቂ የክርስቲያን ሙዚቃ ድምፃዊት «ቤቢ ቤቢ» በተሰኘ ዜማ የአሜሪካን የሙዚቃ ሰንጠረዥ በአንደኝነት መርታለች። ዜማው የተወለደው የራሷን ጨቅላ ልጅ ፊት ከማየት ነው። በውስጡ ግን ስለ እምነት የሚነገር ነገር የለም፤ የሚሰማው ሰው የፍቅር ዘፈን ነው ብሎ ይወስደዋል። አልበሙ በአሜሪካ ብቻ ከ5 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጧል። በሙያዬ ዓይን ሳየው ንጹሕ ሥራ ነው። ሁለተኛ ገበያ ለመግባት የመጀመሪያውን ገበያ ምልክት ከፊት ለፊት ማንሳት ነው።

ማርክ ኸርድ ይህን አላደረገም። የተገላቢጦሹንም አላደረገም። የእግዚአብሔርን ስም እየደጋገመ በመጥራት የክርስቲያን መደብሩን አላባበለም፤ እምነቱን ደብቆም የሌላውን መደብር አልለመነም። ውጤቱ የሚገመት ነው። ለአንዱ መደብር ጥያቄው በዛ፤ ለሌላው መደብር እምነቱ በዛ። የሚቀመጥበት መደርደሪያ ጠፋ።

የሰዓቱ ቀጭን እጅ

የአልበሙ ርዕስ ላይ እንቆይ። «ሰከንድ ሃንድ» ስንል እኛ አዲስ አበቤዎች ቶሎ የሚመጣልን ያገለገለ ዕቃ ነው፤ መኪና ሲሆን ሰከንድ ሃንድ፣ ልብስ ሲሆን ሰልቫጅ። በእንግሊዝኛ ግን ቃሉ ሌላም ፍቺ አለው። በሰዓት ላይ ሰከንዶችን የምትቆጥረው ቀጭኗ እጅ መጠሪያም ነው። ቅኔ የምትወዱ አንባቢዎቼ ሰሙንና ወርቁን ወዲያው ታገኙታላችሁ።

ወርቁን የሚፈታው «ኖድ ኦቨር ኮፊ» የሚባለው ዜማ ነው። ታሪኩ በጣም ትንሽ ነው። ባልና ሚስት ጠዋት በቡና ስኒ ላይ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ያ ሰላምታቸውም ስንብታቸውም ነው። በሩ ይቆለፋል፤ መኪናው ይነሳል፤ ሬዲዮው ይከፈታል፤ ቀኑ ይሄዳል። ጥል የለም፤ መለያየት የለም፤ በደል የለም። ያለው ሰዓት ብቻ ነው። ባልየው ለሚስቱ ከዚህ የተሻለ ሕይወት እንደሚገባት ያውቃል። የድካሙ ዋጋ በትክክል ቢከፈለው እንኳ ለእሷ የሚገባትን ያህል እንደማይሆን ይሰማዋል። ርዕሱ የመጣው ከዚህ ነው፤ የዚያች ቀጭን እጅ እርግማን።

ስለ ፍቅር የሚነገረን ብዙውን ጊዜ ስለ መጀመሪያው ወይም ስለ መጨረሻው ነው፤ ስለ መተጫጨት ወይም ስለ መፋታት። በመካከል ያለውን ሃያና ሠላሳ ዓመት፣ ሁለቱም ሠራተኛ የሆኑበትን፣ ሁለቱም የሚዋደዱበትንና ሁለቱም የሚደክሙበትን ዘመን የሚያዜምልን ጥቂት ነው። ይህ ዜማ በዚያ ዘመን ውስጥ ላሉ ሰዎች ነው። መፍትሔ አይሰጥም። ነገር ግን ሰምታችሁት ስትጨርሱ ከጎናችሁ ወዳለው ሰው ዞር ብላችሁ ማየታችሁ አይቀርም።

«ይመስገን» ካልን በኋላ

የአልበሙ ትልቁ ሥራ «ዎሪ ቱ መች» ነው፤ አብዝቼ እጨነቃለሁ እንደማለት። አሠራሩ ቀላል ነው። አስጨናቂ ነገሮች አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ ይቆጠራሉ። ጉልበተኛ ደካማውን ሲያይ የሚያሳየው ፈገግታ፣ ለጦርነት የሚያቅራራ ሕዝብ፣ የዛለ ዓይን፣ እንግዳ የሆነውን ነገር ሁሉ እንደ ተራ ነገር ለመቁጠር ራሳችንን የምናሳምንበት መንገድ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰውየው የሚነገረው «አብዝተህ ትጨነቃለህ» ነው።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ቤቶች አንድ ነገር ልበል። «እንዴት ናችሁ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። መልካም ባህል ነው፤ እኔም እለዋለሁ። ችግሩ ብዙ ጊዜ ወሬው እዚያው ላይ ማለቁ ነው። የቤት ኪራይ ጨመረ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ፣ እናት ታመመች፣ አባት ሥራው አላማረውም፤ መልሱ «ይመስገን» ነው። ልጆች ደግሞ ሞኞች አይደሉም። ወላጆቻቸው በር ዘግተው በሹክሹክታ ሲነጋገሩ ይሰማሉ። ከበሩ ውጭ ቆመው የሚማሩት ነገር ቢኖር እምነትና ጭንቀት በአንድ ክፍል ውስጥ እንደማይቀመጡ፣ አማኝ ከሆንክ ጭንቀትህን መደበቅ እንዳለብህ ነው። በኋላ አድገው ሲጨነቁ፣ እና ሁሉም ሰው ይጨነቃል፣ «እምነቴ ጠፋ ማለት ነው» ብለው ይደመድማሉ።

የማርክ ኸርድ ዜማ የሚጀምረው እኛ ዝም ከምንልበት፣ «ይመስገን» ካልን በኋላ ካለው ቦታ ነው። እና ይህ አዲስ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ዳዊትን የሚደግሙ አያቶቻችን ያውቁታል። ከመዝሙረ ዳዊት ብዙዎቹ ምሬትና ጥያቄ የሞሉባቸው ናቸው። በዕብራይስጡ አቆጣጠር 88ኛው፣ በግዕዙ 87ኛው መዝሙር በብርሃን ሳይሆን በጨለማ ነው የሚያበቃው። ሆኖም በመጽሐፉ ውስጥ ቦታ ተሰጥቶት ይኖራል። ማንም «ይህ አያጽናናም» ብሎ አላወጣውም። ምሬቱን የሚያሰማው ሰው የሚያሰማው ለሚያምነው አምላክ ስለሆነ ነው።

ከሰውየው በኋላ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1992 ማርክ ኸርድ በኢሊኖይ ግዛት ይካሄድ በነበረው «ኮርነርስቶን» የተባለ የክርስቲያን ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ እየተጫወተ ሳለ መድረክ ላይ የልብ ሕመም መታው። ዝግጅቱን ጨርሶ ወረደና ወደ ሆስፒታል ሄደ። ከሳምንታት በኋላ፣ ኦገስት 16 ቀን፣ በ40 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት ያወጣው የመጨረሻው አልበሙ የሚዘጋው ለሞተ አባቱ በጻፈው ዜማ ነው። የትንሣኤን ተስፋ ይዞ ያለቅሳል። አድማጮቹ ዜማውን ለራሱ ለኸርድም ማዜም ጀመሩ።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ። ዜማዎቹ ገበያ ባይኖራቸውም ሰው ነበራቸው፤ ያውም ራሳቸው ዜማ የሚጽፉ ሰዎች። ካናዳዊው ብሩስ ኮክበርን ለእሱ መታሰቢያ ዜማ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው አልበም ውስጥ አካተተው። በዚያው ዓመት የተለያዩ ሙዚቀኞች የኸርድን ሥራዎች የተጫወቱበት የመታሰቢያ አልበም ወጣ። ኸርድ አልበሙን ፕሮዲዩስ ያደረገለት ፒርስ ፔቲስ ደግሞ፣ ከኸርድ ሞት ወዲህ ባወጣቸው አልበሞች ውስጥ የጓደኛውን አንድ ዜማ ማስገባትን ልማዱ አደረገ። አስቡት፤ ሌላው ሙዚቀኛ ለራሱ አዲስ ሥራ የሚጠቀምበትን ቦታ በየአልበሙ ለሞተ ወዳጁ ይሰጣል። የሙት ዓመት ተዝካር በዜማ ማለት ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የናሽቪሉ ጊታር ተጫዋች ባዲ ሚለር «ዎሪ ቱ መች»ን በራሱ አልበም ውስጥ አስገብቶ ተጫወተው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2005፣ ዜማው በአሜሪካና ሙዚቃ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ዜማ ተባለ። ደራሲው ካረፈ 13 ዓመት ሆኖት ነበር። በቤት ውስጥ በተሠራች ስቱዲዮ የተቀዳ፣ መደርደሪያ ያጣ ዜማ በመጨረሻ ስም ባላቸው ሰዎች ፊት ቆመ።

በሙያዬ አንድ ዕቃ በመጀመሪያዎቹ ወራት ካልተሸጠ ፋይሉ ይዘጋል። ለሳሙና ይህ ትክክል ነው። ለዜማ፣ ለመጽሐፍና ለልጅ አስተዳደግ ግን አይሠራም። አንዳንድ ነገር ገዢው ገና አልደረሰም፤ ወይም ገና አልተጨነቀም።

በቤታችሁ እንዴት ትሰሙታላችሁ?

እንከኑን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ግጥሞቹ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ እንግሊዝኛው ለጆሮ አይፈጥንም። የዛሬውን የጠራ የስቱዲዮ ድምፅ የለመደ ሰው ቅጂው ሸካራ ሊመስለው ይችላል። ሕፃናት አይወዱትም፤ የሚጨፈርበት ነገር የለውም። ቤታችሁ እንግዳ ሲመጣ የምትከፍቱትም ዓይነት አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ብታደርጉ እመክራለሁ።

በመጀመሪያ የባዲ ሚለርን «ዎሪ ቱ መች» ስሙ። ድምፁ ለዘመኑ ጆሮ ይቀርባል። ከዚያ ወደ ኸርድ ራሱ ቅጂ ተመለሱ። ሁለቱን ማነጻጸር በራሱ ደስ ይላል፤ በተለይ ቤት ውስጥ ጊታር የሚሞክር ልጅ ካለ።

ቀጥሎ «ኖድ ኦቨር ኮፊ»ን ባልና ሚስት ሆናችሁ ለብቻችሁ ስሙት። ልጆች ከተኙ በኋላ ይሁን። ግጥሙን ፊታችሁ አድርጋችሁ አንዴ አንብቡት። ከዚያ አንዳችሁ ለሌላው «የእኛ ሳምንት እንዴት አለፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ይመስገን» ብላችሁ ጀምሩ፤ እዚያ ላይ ግን አታቁሙ።

በሦስተኛ ደረጃ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ካሏችሁ «አይ ጀስት ዋና ጌት ዎርም» የሚለውን አሰሟቸው። ርዕሱ ትንሽ መሞቅ ብቻ ነው የምፈልገው እንደማለት ነው። ስለ ዜማው ምን እንደሚያስቡ ጠይቋቸው፤ እናንተ ግን ቶሎ አታብራሩ። «ይሄ መዝሙር ነው ወይስ ዘፈን?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው የምታገኙት መልስ ስለ ሙዚቃ ብቻ አይሆንም። ስለ እምነታቸው፣ ስለሚያስፈራቸው ነገርና ከእናንተ ስለሚደብቁት ነገር ትሰማላችሁ። ሃይማኖታችሁ ሌላ ቢሆንም ጥያቄው ይሠራል፤ በየትኛውም የሚጸለይበት ቤት ውስጥ ከጸሎት በኋላ የሚቀር ሐሳብ አለ።

ወላጆች ይህን ሲሰሙ አንድ ስጋት ሊያድርባቸው እንደሚችል አውቃለሁ። «ልጄ ጥያቄ የበዛበት ዜማ ቢሰማ እምነቱ አይናወጥም ወይ?» የሚል። ስጋቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጆቻችን ጥያቄውን ከዚህ አልበም ባይሰሙት ከስልካቸው ይሰሙታል። ልዩነቱ እዚያ የሚሰሙት ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ብቻ መሆኑ ነው። እዚህ ግን የሚጠይቀው ሰው ሲጠይቅም፣ ሲጨነቅም፣ አባቱን ሲቀብርም ከእምነቱ ቤት ሳይወጣ ነው። ልጅ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ጊዜ መስማቱ ጥሩ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በገዛ ቤቱ ማየቱ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

መጠሪያውን በተመለከተ እኔ አሁንም አልወሰንኩም። እናንተ ሰምታችሁ ዘፋኝ ወይም ዘማሪ የሚለውን ምረጡለት። ሌላ የተሻለ የአማርኛ ቃል ካገኛችሁም በመጽሔቱ አድራሻ ላኩልኝ፤ በዚሁ አምድ አወጣዋለሁ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።